የማጆሬው ሌላኛው ዓይን

ከዚያ ክረምት ወዲህ ጣፋጭ ነገር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ስንት ዓይን እንዳለው ነው። አትሳቁ። ሠርግ ቤት ተጠርቼ፣ ያን በነጭ ስኳር ያጌጠ ትልቅ ኬክ አምጥተው ሲያስቀምጡት፣ ሌላው እንግዳ ምራቁን ይውጣል፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ ገበታውን እዞረዋለሁ። ሙሽራዋ በሥራው የተደነቅሁ ይመስላታል። ዓይን እንደሌለው ካረጋገጥሁ በኋላ ነው ተመልሼ የምቀመጠው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከሰው ቀድሜ አልቀምስም።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው። እኔ ሠዓሊ ነበርሁ። ሠዓሊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መላእክትና ሰማዕታት የምሥል፣ እጄም መካከለኛ የሆነ ሰው ነኝ። ክንፍ ይሆንልኛል፤ ልብስም ይሆንልኛል። ፈረስ ግን እንቢ ይለኛል። ጋፋት አጠገብ ካለችው የገጠር ማርያም ግድግዳ ላይ የሣልሁት የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ጆሮው ትንሽ ረዘም አለብኝና ያገሩ ሰው እስከ ዛሬ «ባለበቅሎው ጊዮርጊስ» ይለዋል። በቅሎ የጠፋበት ሰው ሁሉ ስለት የሚሳለው ለሱ ነው አሉ። ይቅር ይበለኝ እንጂ ምን እላለሁ?

ስለ ዓይን አንድ ነገር ተናግሬ ልቀጥል፤ የምታውቁት ዝለሉት። በእኛ ሥዕል ጻድቅ የሆነ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ኃጥእ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች፣ እነዚህ ሁሉ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታያቸውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት እንኳ ግድግዳውን አይታ ማን ገነት፣ ማን ሲኦል እንደሚገባ ትለያለች። ጣልያን ግን ይህን አያውቅም። ጣልያን ያላወቀልን ብዙ ነገር ነበር፤ ዕዳው እኔ ላይ የወደቀው ግን ይህኛው ነው።

በዚያ ዓመት ሥራ የሚባል የለም። ቤተ ክርስቲያን በሚቃጠልበት አገር ሠዓሊ ማን ይጠራል? ከሁሉ የከፋው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ደሴ መታሰሩ ነበር። ቤቱ ሲፈተሽ ከጣሪያው ሥር የሟቹ አባታችን ዝናር ተገኘበት፤ አንድ ጥይት የሌለው፣ አይጥ የበላው ባዶ ዝናር። «ከሽፍቶቹ ጋር ነህ» ብለው ምሽጉ ውስጥ አሰሩት። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። ከዚያ ምሽግ ሲወጣ ያየነው እስረኛ ሁሉ መንገዱ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መስቀያው ነበር። ሚስቱ የሺ በየቀኑ በሶ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ዘበኞቹ በሶውን ይቀበሏታል፤ ማን እንደሚበላው እግዜር ይወቅ።

ፍልሰታ በገባ ሰሞን አንድ አስካሪ፣ ጣልያን ከቅኝ አገሩ ያመጣው ጥቁር ወታደር፣ ጭቃውን እያቦካ መጥቶ ከደጄ ቆመ።

«በቅሎውን የሣልኸው አንተ ነህ?» አለኝ።

«ፈረስ ነው» አልሁት። መሞቴ ካልቀረ እውነቱን ተናግሬ ልሙት ብዬ ነው።

ሰውየው ሳቀና ዝናቡን ሸሽቶ ገባ። ባሻይ ገብራይ ይባላል፤ ከኤርትራ የመጣ፣ የማጆሬው ወጥ ቤት ነው። ማጆሬ የሚሉት ሻለቃቸውን ነው፤ ምሽጉም እስረኛውም በሱ እጅ ነበር። ባሻይ ገና ሳይቀመጥ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። እንደ ብርዳም ሰው ይንቀጠቀጣል። በአንድ ውጊያ ላይ አጠገቡ ቦምብ ከፈነዳ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነበት ነገረኝ።

«ማጆሬው ልደቱ ደርሷል። ቶርታ እጋግርለታለሁ፤ ጣፋጭ ዳቦ ነው፣ በእንቁላልና በቅቤ የሚሠራ። ከላዩ በስኳር የሚሠራውን ጌጥ ድሮ ራሴ እሠራው ነበር። አሁን በዚህ እጅ ምን ልሥራ? ፊቱን ከላይ በስኳር ሣሉልኝ ብሏል።»

መጀመሪያ የመሰለኝ በአማርኛው የተሳሳተ ነው። በእኛ አገር ልደቱ የሚከበርለት ጌታ ነው፤ ከዚያ የእመቤታችን አለ። ሦስተኛ ሆኖ ማጆሬው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሰው ፊት በዳቦ ላይ ሥሎ መብላትስ ምን የሚሉት ነው? ቢሆንም እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው።

«ወንድሜ ታስሮብኛል፣ ባሻይ። አንቱ ቃል ቢናገሩልኝ ይሰማዎታል?»

«ደስ ያለው ቀን የለመኑትን አይነሳም። ካለፈው ምሽጋችን አንድ እስረኛ እንዲህ አስፈትቻለሁ። ፊቱን አሳምርልኝ፤ ወንድምህን እለምንልሃለሁ። ደግሞ አንተ በለኝ፤ አንቱታውን ለማጆሬው ቆጥበው።»

ለየሺ ሮጬ ነገርኋት። ደስ ይላታል ስል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። «ፈረሱ በእጅህ በቅሎ የሆነብህ ሰው፣ ማጆሬውስ ምን ሊሆንብህ ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ባሻይ የእንቁላል ነጩን ከስኳር ጋር ሲመታው እንደ በረዶ ነጣ፤ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልሎ ሞላበትና ጫፉን በጥቂቱ ቆረጠው። ከላይ ሲጨምቁት ከታች እንደ ፈትል ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ቀይ ሥር ተቀቅሎ ቀይ፣ እርድ ተለውሶ ቢጫ፣ ቡና ከስሎ ጥቁር ቀለም ሆነ። መጀመሪያ በድስት ክዳን ላይ ተለማመድ ተባልሁ። ክዳኑ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አላረፈችም፤ ወረቀቱን ብጨምቀው በኋላው ፈነዳና የባሻይን ቆብ፣ ግድግዳውን፣ የራሴንም ጺም አለበሰው። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን እጄ ለመደው። እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ። ስኳሩ እንደ ግድግዳ ቀለም አያስቸግርም፤ ያልሁትን ይሰማል።

ችግሩ አፌ ነበር። ሠዓሊ ሁሉ ብሩሹን በከንፈሩ እርጥብ አድርጎ የማሾል ልማድ አለው። ያን ወረቀትም ሳላስበው ወደ አፌ እወስደዋለሁ። ጾም ነው፣ ያውም ፍልሰታ፣ ያውም እንቁላል! ሦስት ጊዜ ከከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በመጨረሻ ነጠላዬን አፌና አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ከማጅራቴ ቋጠርሁት። ባሻይ አይቶኝ ከት ብሎ ሳቀ። አንድ ጣልያን ዘበኛም በመስኮት ብቅ ብሎ አየኝ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

አሁን ፊቱ ቀረ። ብዙ አሰብሁ። ይህ ሰው ስንት ቤት አቃጥሏል፤ ስንቱን ሰቅሏል። ነገር ግን ለደሴ ብዬ ጻድቅ ላደርገው ቆረጥሁ። በሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጌ፣ ፊት ለፊት ሣልሁት። እጄ ሲሄድልኝ በራሱ ዙሪያ ቢጫ ብርሃን ልጨምርለት ነበር፤ ባሻይ ያዘኝ። ማጆሬው ሊያይ መጣ። ለረጅም ጊዜ አየውና መጮህ ጀመረ።

«ምን አለ?» አልሁ።

«ጉጉት አስመሰለኝ ይላል» አለ ባሻይ።

ማጆሬው ከደረቱ ላይ ኒሻን ነቅሎ ከአፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ኒሻኑ ላይ ያለው የትልቁ አለቃቸው ፊት ነው፤ በጎን፣ አገጩ ወጣ ብሎ፣ በአንድ ዓይን። «እንደዚህ!» አለ፤ ይህን ያለ ተርጓሚም ሰማሁት።

«ባሻይ፣ በፈጠረህ በጎን አይሁን በለው። ሁለት ዓይን ያምርበታል በለው። ያገሩ ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው እኮ! ሲያዩት ምን ይላሉ?»

ባሻይ ለማጆሬው ተናገረልኝ። እሱም ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነው፤ የምለው ገብቶታል። «ነግሬዋለሁ፤ እንቢ አለ። ሣል» አለኝ።

እኔ ልምረው ብዬ ነበር፤ እሱ ራሱ በገዛ አፉ ከኃጥአኑ ተራ አስገባኝ አለ። አሮጌውን ስኳር ጠርጌ በጎን ሣልሁት። በክረምት ስኳር አይደርቅ ሆኖ ጢሙ እየቀለጠ ወደ አገጩ ይወርዳል፣ አፍንጫው ያንጠባጥባል፤ እኔ ደግሞ ሥር ሥሩ እየተከተልሁ እጠግናለሁ። እናም ምን ይሁን? ከሣልሁት ሥዕል ሁሉ እንደዚያ የተዋጣልኝ የለም። ያ ዓይን ሕይወት ነበረው። ሕይወቴን ሙሉ የለመንሁት እጅ ለዚያ ሰው መጣልኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የልደቱ ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ምሽጉ ውስጥ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ በአንድ ወገን መኮንኖቹ፣ በሌላው ወገን ያገሩ ሰዎች ተቀመጡ። ያገሩ ሰዎች የመጡት ደስ ብሏቸው አይደለም፤ ተጠርቶ መቅረት ስለማይቻል ነው። የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ ከመካከላቸው ነበሩ። ግራዝማች አየነውም ነበሩ። ግራዝማች ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ በመሬት የሚካሰሱን ሰው ናቸው። ዝናሩ ከጣሪያ ሥር መኖሩን ለጣልያኖቹ የጠቆሙት እሳቸው እንደሆኑ አገር ያውቃል። ደሴ ከተሰቀለ መሬቱ የሳቸው ነው።

ቶርታውን እኔና ባሻይ ተሸክመን ገብተን ገበታው መሀል አስቀመጥነው። መኮንኖቹ አጨበጨቡ። ያገሩ ሰዎች ጸጥ አሉ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። መጀመሪያ አፍንጫውን አዩ፣ ቀጥሎ ዓይኑን አዩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ዓይን ፈለጉ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ገበታውን ዞረው በወዲያኛው በኩል ጎንበስ ብለው አዩና «የለም» ብለው ለጎረቤታቸው ነግረው ተቀመጡ። መምሬ አድማሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስላሉ፤ የትከሻቸው አነቃነቅ ግን የሳል አይመስልም።

ማጆሬው ደስታውን አልቻለውም። «ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ባሻይ መልሱን ለኔ በአማርኛ ደገመልኝ፤ «እንዲህ ያለ ፊት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በቀር አይተን አናውቅም ይላሉ አልሁት» አለኝ። አልዋሸም።

ከቶርታው ዳር ዳሩ ተቆርጦ ለሁሉም ታደለ። መኮንኖቹ መብላት ጀመሩ። ያገሩ ሰዎች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ማጆሬው ጠበቀ፣ ጠበቀና ፊቱ ተለዋወጠ። ባሻይ ጾም መሆኑን፣ እንቁላልና ቅቤ እንደማይበላ አስረዳው። ማጆሬው ሥጋ እንጂ ጣፋጭ የሚከለክል ጾም ሰምቶ አያውቅም። በዚህ መካከል ያ በመስኮት ያየኝ ዘበኛ መጥቶ ጆሮው ላይ አንሾካሾከ፤ በጣቱም ወደ እኔ ጠቆመ። ባሻይ ሰምቶ ደነገጠ።

«አፉን አስሮ ነበር የሚሠራው አለው» አለኝ በቀስታ። «መርዝ እንዳይሸተው።»

ማጆሬው ሹካውን አስቀመጠ። ሁለት ቁራጭ የጨረሰ አንድ ወፍራም መኮንን አፉን ይዞ ወደ ዝናቡ ሮጠ። እኔ ጾሜን ልጠብቅ ያሰርሁት ነጠላ ወንድሜን ሊያሰቅልብኝ ነው። ማጆሬው ቢላዋውን ለባሻይ ሰጠና ወደ እኔ አመለከተ።

«ብላ ይልሃል» አለ ባሻይ። «ካልበላህ አንተም ደሴም አበቃላችሁ። ከየት እንደምትበላ ምረጥ ብሏል።»

ወደ መምሬ አድማሱ አየሁ። ሳላቸው ቆሟል። «ብላ ልጄ» አሉኝ። «ጾሙን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ያን ጊዜ ግራዝማች አየነው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ሲነሡ በዓይኔ ጠርዝ አየኋቸው። ጣታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ሥዕሉ ነው። ምን ሊሉ እንደሆነ ገባኝ።

«ከዓይኑ ቁረጥልኝ» አልሁ።

ባሻይ ዓይኑን ከነቅንድቡ አወጣልኝ፤ ጎረስሁት። እንዲጣፍጠኝ አልፈለግሁም ነበር። ጣፈጠኝ፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው መሞቴን ይጠብቅ ጀመር፤ እኔም አብሬ ጠበቅሁ። አልሞትሁም።

ግራዝማች ግን ቆመዋል። «ጌታዬ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይህ ሰው የበላው ጥፋቱን ሊሸሽግ ነው። በእኛ አገር በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው። እርስዎን ሰይጣን አድርጎ ነው የሣለዎት። ያገሬ ሰው ሁሉ አይቶ ሲስቅብዎት ነበር። ወንድሙም ሽፍታ ነው፤ ሁለቱንም ይስቀሏቸው።»

የሁላችን ነፍስ ባሻይ አፍ ላይ ተንጠለጠለች። በዚያ አዳራሽ አማርኛ የሚሰማ አንድ መኮንን ቢኖር፣ የሚቀጥለውን ነገር የተናገረ ሰው ከደሴ ቀድሞ ይሰቀል ነበር። ባሻይ ይህን ከኔ ይበልጥ ያውቃል። ቢላዋው እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ ግን ሳይንቀጠቀጥ፣ በጣልያንኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ማጆሬው ሰማ፤ ፊቱ ፈታ አለ፤ ሳቀ። ቢላዋውን ተቀብሎ በገዛ እጁ የስኳሩን አፍንጫ ቆረጠና ከግራዝማች ፊት አስቀመጠ።

ባሻይ ፈገግ እንዳለ ወደ ግራዝማች ዞረ። «ማጆሬው ያመሰግንዎታል» አለ፤ «ለሠዓሊው ዓይኑ ሲደርሰው ቀንተው፣ ‹ፍቅሬን እንዳሳይ እኔም ከፊቱ ልብላ› ብለዋል ብዬዋለሁ። አፍንጫውን ሰጥቶዎታል። ይብሉ ጌታዬ። ካልበሉ መርዝ አለበት ብለው ጠርጥረዋል ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ሳልተረጉምለትም ይረዳዋል።»

ግራዝማች አየነው፣ ፍልሰታን በእህል ብቻ እጾማለሁ እያሉ ለሰው የሚናገሩት ግራዝማች፣ በመምሬና ባገሩ ሽማግሌ ፊት የማጆሬውን አፍንጫ በሉ። ላባቸው ወረደ። ሲጨርሱ ግን ማንም የሚያያቸው ስላልመሰላቸው ጣታቸውን ላሱ። እኔ አይቻለሁ።

ማጆሬው እስኪበቃው ሳቀ። ባሻይ ያን ጊዜ ጠጋ ብሎ ጥቂት ቃል ተናገረው። ማጆሬው ወደ እኔ አየ፣ ዓይኑን ወደበላሁበት ጉድጓድ አየ፣ እጁንም እንደ ዝንብ አባራሪ አወዛወዘ። በቃ፤ የወንድሜ ነፍስ የተመለሰችው በዚያች የእጅ ውዝዋዜ ነው። ስንት ሰው በእንደዚያ ያለች ውዝዋዜ ሄደ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይቀዘቅዘኛል።

ደሴ በማግስቱ ወጣ። ከስቶ ልብሱ አይይዘውም። የሺ ዳገቱ ላይ ወድቃ ጭቃውን ሳመች። «ምን ሰጥተህ አስፈታኸኝ?» አለኝ። «የማጆሬውን ዓይን በላሁለት» ስለው፣ እኔም የታሰርሁና ያበድሁ መስሎት አዘነልኝ።

ባሻይን ላመሰግን ወጥ ቤቱ ሄድሁ። ድንች እየላጠ ነበር። እንዲያ ብሎ ለምን ራሱን ለሞት እንዳቀረበ ጠየቅሁት። እሱ ግን መልሶ ጠየቀኝ።

«እኔን ብትሥለኝ በስንት ዓይን ነው?»

ቀላል ጥያቄ ነው። መልሱም ቀላል መሆን ነበረበት። እኔ ግን ልብሱን አየሁ፤ ያን የአስካሪ ልብስ ለብሰው ጎጆ የሚያቃጥሉትን አሰብሁ፤ አፌ ተያዘ። እኛ አስካሪ ስናይ ሁልጊዜ የምናየው በጎኑ ነበር፤ ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር እንሸሻለን እንጂ ቆመን አናየውም። ባሻይ ዝምታዬን ሲያይ ሳቀና ድንቹን መላጡን ቀጠለ። ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ምሽግ ወሰዱት። ይኑር ይሙት የነገረኝ የለም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ የተቃጠለችው ቤተ ክርስቲያናችን ተሠራችና ስቅለቱን እንድሥል መምሬ አድማሱ ጠሩኝ። ለዚያ ለፈታሁት ጾም የሰጡኝ ንስሐም ይኸው ነበር፤ ያለ ዋጋ መሣል። ከመስቀሉ ሥር ጭፍሮቹን ደረደርሁ፤ ሁሉንም በጎን፣ ሁሉንም ባንድ ዓይን። አንዱ አፍንጫው የማጆሬውን መሰለ፤ ተውሁት። ጺሙ የግራዝማችን የመሰለም ነበረ፤ እሱንም ተውሁት። የመጨረሻው ጭፍራ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኛ አዙሬ፣ በሁለት ዓይን ሣልሁት።

መምሬ መጥተው አዩ። «ምነው ልጄ፣ ይኼኛው ሁለት ዓይን አወጣሳ?» አሉኝ።

«ወጥ ቤቱ ነው፣ አባ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ። ግድግዳውን አበላሸህ ሊሉኝ ነው ብዬ ራሴን ደፋሁ።

«እንግዲያ ጦር ምን ያደርግለታል?» አሉ። «ጭልፋ ስጠው።»

ጦሩን ፍቄ ጭልፋ አስያዝሁት። ዛሬ ከሩቅ የመጣ ሰው፣ ከስቅለቱ ሥር በሁለት ዓይኑ እያየ ጭልፋ ይዞ የቆመውን ጭፍራ ሲያይ ይስቃል፤ ሠዓሊው በቅሎውን የሣለው መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ይብስበታል። ይሳቅ። ባሻይ በሕይወት ካለና አንድ ቀን በዚያ ካለፈ፣ ለጠየቀኝ መልሱን እዚያ ያገኘዋል። እጁም እንደማይንቀጠቀጥ አድርጌ ሥዬዋለሁ።